ጋቢናው የማን ነው?

ባለፈው ሳምንት ልጅቷን በወደፊት አማቷ እጅ ጥለናት ስንለያይ የተቀየማችሁን አንባቢዎች ጥቂት አይደላችሁም። እውነታችሁን ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ዛሬ እሷም ራሷ ትዕግሥቷ አልቋል።

ለማታውቋት፣ ልጅቷ መኪና መንዳት አስተማሪ ናት። ቀኑን ሙሉ የምትውለው ጋቢና ነው፤ ከሾፌሩ ጎን። ከእግሯ ሥር የራሷ ፍሬን አላት። ለማጁ ሲደነብር ቀድማ የምትረግጠው እሷ ናት። የስንት ሰው አጥር፣ የስንት ሰው ዶሮ በዚያች ቀኝ እግሯ ተርፏል። ባልደረቦቿ ስሟን ከረሱት ቆይተዋል፤ "ፍሬን" ነው የሚሏት። ወንበር ላይ ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ እንኳ እግሯ ወለሉን ጫን ትላለች እያሉ ያሾፉባታል። አይዋሹም፤ ትላለች።

የምትወደው ሰው የጥርስ ሐኪም ነው። በሰው አፍ ውስጥ መርፌ ሲሰካ እጁ ንቅንቅ የማይል ሰው፣ መሪ ሲይዝ ግን ላብ በላብ ይሆን ነበር። ከተማሪዎቿ ሁሉ የባሰው እሱ ነበር። ዳገት ላይ "ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ ዶክተር" ስትለው ቀስ ብሎ ይለቅና ሞተሩ ድርግም ይላል። ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ያንባርቅበታል። "ይቅርታ፣ ዛሬም አልገባኝም" ይላል። እሷ ተስፋ ልትቆርጥ ደርሳ ነበር። አንድ ቀን ግን አርፍዳ ስትመጣ፣ በማሰልጠኛው አጥር ቀዳዳ፣ ያ ሰነፍ ተማሪ ከሌላ አስተማሪ ጋር መኪናዋን ወደ ኋላ እያስኬደ እንደ ቅቤ ሲያቀልጣት አየችው።

"ሆን ብለው ነው የሚያጠፉት ማለት ነው?" አለችው፣ ተራዋ ደርሶ ጋቢና እንደገባች።

"ቶሎ ከለመድኩ ቶሎ ታሰናብቺኛለሽ ብዬ ነው" አለ፣ በስፖኪዮው ውስጥ ዐይን ዐይኗን እያየ።

"አንተ ሌባ!" አመለጣት። ከዚያን ቀን በፊት "እርስዎ" ስትለው ነው የኖረችው። ሁለቱም ያቺን "አንተ" ሰሟት። ሞተሩም በራሱ ጊዜ ጠፋ፤ ማን እንዳጠፋው እስከ ዛሬ አይታወቅም።

እናቱ ግን ቃሉን አልወደዱትም። "ልጄ በሰው ፊት ዶክተር ነው። አንተ የምለው እኔ ብቻ ነኝ" አሏት፣ ገና በመጀመሪያው ትውውቅ። ፍሬን እሺ አለች። የሰርጉን ልብስ እሳቸው ይምረጡ ሲባል እሺ አለች። የምንኖረው ከእናቴ ጋር ነው ሲላትም እሺ አለች። እንዲህ እያለች በእሺ ላይ እሺ ስትደርብ ከርማ፣ በመጨረሻ አንዲት ነገር ብቻ ለራሷ ጠየቀች።

"የምንገዛው መኪና አባቴ የሚገቡበት ይሁን።"

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። በመጨረሻው ጉዟቸው የደረሰባቸው አደጋ አንድ ጉልበታቸውን አድርቆት ቀረ፤ አይታጠፍም። ታክሲ ውስጥ ሲገቡ እግራቸው ከበሩ ውጭ ይቀራል። በልጃቸው ማስተማሪያ መኪና እንዳይሄዱ፣ ጋቢናው ሥር ያ ሁለተኛ ፍሬን አለ፣ ከኋላው ደግሞ ለልጅም አይበቃም። አገር ምድሩን ያዳረሱት ሰውዬ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ብቻ "ይሄ ማርሹ ታሟል፣ ይሄኛው ቤንዚን ይሰርቃል" እያሉ ይውላሉ። ፍሬን ይህን በሰማች ቁጥር እየሳቀች ወደ ጓዳ ትገባለች፤ እዚያ ስትደርስ ግን ሳቁ አይኖርም።

"ቃሌ ነው" ብሏት ነበር ዶክተሩ። እሷም ይህችን ቃል ካጠፈ ቀለበቱን እንደምትመልስለት በሆዷ ጨርሳለች። ለማንም አልተነፈሰችም።

ዛሬ ፍሬን፣ ዶክተሩና እናቱ የመጡበት መኪና መሸጫ ወለሉ መስታወት ነው፤ አዲስ ጎማ አዲስ ጎማ ይሸታል። ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ግራጫ። ክሮስኦቨር የሚሏቸው የቤተሰብ መኪኖች ናቸው፤ ከአውቶሞቢል ከፍ፣ ከጂፕ ዝቅ ያሉ።

"መንታ ናቸው፣ እናቴ" አለ ሻጩ ክራባቱን እያቃና። "ሞተሩ አንድ፣ ማርሹ አንድ፣ ነዳጅ አጠጣጡ አንድ። አፍንጫቸውን ቢሸፍኑት የሠራቸው ሰው ራሱ አይለያቸውም።"

"አንድ ከሆኑ ለምን ሁለት አደረጓቸው?" አሉ እናትየው።

"ሰው ካላማረጠ ልቡ አይረጋማ!"

እናትየው አላማረጡም። ቦርሳቸውን ለልጃቸው አስይዘው ቀጥ ብለው የነጩን ጋቢና ከፈቱና ገብተው ተቀመጡ። ሻጩ አንድ ነገር ሲጫን ወንበሩ በራሱ ከፍ አለ፣ ወደ ፊት ሄደ፣ ጀርባው ተለጠጠ። ሌላ ሲጫን ይሞቅ ጀመር።

"ውይ!" አሉ እናትየው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው። "ወገቤን አቀፈኝ እኮ! ዶክተር፣ ና ንካው።"

ፍሬን የፊቱን ወንበር አላየችም። የነጩን የኋላ በር ከፈተችና በዐይነ ሕሊናዋ አባቷን ታስገባ ጀመር። መጀመሪያ ከዘራቸውን ተቀበለቻቸው። ቀጥሎ አጎንብሰው በወገባቸው ገቡ፤ ጣሪያው ወደ ኋላ ስለሚያዘቀዝቅ ራሳቸውን መታቸው። ከዚያ ያ ግትር እግር መጣ። ወንበሩ ወደ ኋላ አይሸሽ፣ በሩ በግማሽ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ እግሩ ውጭ ቀረ። ሽቅብ ብታደርገው፣ ቁልቁል ብታደርገው አልሆነም። በሩን ዘጋችውና ወደ ግራጫው ሄደች።

የግራጫው በር እስከ ጥግ ተከፈተ። የኋላው ወንበር ሲገፋ ወደ ኋላ ሸሸ። አባቷ ገቡ፣ እግራቸውን ዘረጉ፣ ከዘራቸውን በጎናቸው አስቀመጡ፤ በሩም ያለ ችግር ተዘጋ። በሐሳቧ ውስጥ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ቀሰር አድርገው "ይሄስ ጤነኛ ነው" ሲሉ ሁሉ ሰማቻቸው።

"ዶክተር፣ ግራጫውን አዩት?" አለችው፣ ድምፅዋን እንደ ምንም አስተካክላ።

እሱ ቀና ብሎ አየት። ያ ስፖኪዮ ውስጥ የምታውቀው ዐይን ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ሸሸባት። "አየሁት።"

"እና?"

"ጥሩ ነው። ሁለቱም… ጥሩ ናቸው።"

"ነጩ ነው" አሉ እናትየው ከጋቢናው ሳይወርዱ። "አለቀ።"

"እንዳልሽ፣ እማዬ" አለ ዶክተሩ።

ፍሬን የሰማችውን ማመን ስላቃታት እሱን ትታ ወደ እናትየው ዞረች። "እማማ፣ ነጩ ከኋላ አባቴን አያስገባም። የሚችሉት ጋቢና ከሆነ ብቻ ነው።"

እናትየው የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ባለቤቴ በሕይወት ሳሉ ከጋቢና ወርጄ አላውቅም" አሉ። "እሳቸው ከሞቱ ወዲህ የሚሸኘኝ ሁሉ ከኋላ ነው የሚጭነኝ፣ እንደ ጆንያ። የሰው ማጅራት ሳይ ኖርኩ። አሁን ልጄ መኪና ሊነዳልኝ ነው። ጋቢናው የኔ ነው፣ ለማንም አልለቅም።"

ፍሬን ሆዷ ባባ። ሴትየዋ እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ፣ ይህች እሺ የለመደች ልጅ አሁንም እሺ ብላ አባቷን በረንዳው ላይ ትተዋቸው ነበር። አላቆሙም።

"ደግሞስ አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ሲዞር የኖረ ሾፌር አይደለም እንዴ? አልጠገበም? በረንዳው ምን ጎደለው?"

ልጃቸው "እርስዎ"፣ የእሷ አባት ግን "እሱ"! ፍሬን ጆሮዋ ጋለ። ወደ ዶክተሩ ዞረች። አንዲት ቃል ብቻ፤ ሌላው ቢቀር "እማዬ፣ እሳቸው በያቸው" ይበል። እሱ የነጩ ጎማ ላይ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል አቀርቅሮ ያነባል። የወደደችው ሰው በቁሙ ጠፋባት።

ይኼኔ የመሸጫው ኃላፊ፣ ገዢ መገኘቱ ተነግሯቸው፣ ከቢሯቸው እጃቸውን እያፋተጉ መጡ። ዶክተሩን ሲያዩ ቀጥ አሉ።

"እንዴ! እርስዎ ነዎት? እግርዎ ዳነ?"

"የምን እግር?" አሉ እናትየው።

"ትናንት እግራቸውን አስረው የመጡት እሳቸው አይደሉም እንዴ! የመጥረጊያ እንጨት ከጭናቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው በፋሻ ጠፍረው። እኔማ ደንግጬ ሐኪም ልጥራ ብላቸው ሐኪሙ እኔ ነኝ አሉኝ።" ኃላፊው ትዝ ብሏቸው ሳቁ። "ከነጩ ሲገቡ ሲወጡ፣ ሲገቡ ሲወጡ፣ አንዴማ በጀርባቸው ዘፍ አሉ። በሩ አልዘጋ አላቸው። ግራጫው ውስጥ ግን ዘና ብለው ገቡ። 'ይሄ ነው! ይሄ ነው!' እያሉ አቀፉኝ። ጉልበታቸው ለማይታጠፍ ዘመድ ነው ብለውኝ ነበር። ታዲያ ግራጫውን ወሰዳችሁ?"



ፍሬን ትናንት ያልነበረችበትን ቦታ ዛሬ አየችው። ያን የተተኮሰ ሱሪ፣ ያን ፋሻ፣ ያን ዘፍ ብሎ መውደቅ። ይህ ሰው ለአባቷ ብሎ በሰው ፊት መሳቂያ ሆኗል። አንጀቷን በላት፤ እዚያው ተጠምጥማበት ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ግን የፍቅሩን እግር ተከትሎ ንዴቱ ደረሰ። ረስቶት ቢሆን ይቅር ትለው ነበር። ባያውቅም ይቅር ትለው ነበር። እሱ ግን ዐውቆ፣ ለክቶ፣ ወድቆ ተነስቶ፣ ከዚያ "እንዳልሽ፣ እማዬ" አለ።

"አንተ!" አለች።

ሻጩ ክራባቱን እንደያዘ ቀረ።

"ማንን ነው አንተ የምትይው?" አሉ እናትየው።

"የምወደውን ሰው ነው፣ እማማ። እርስዎ የምለው ሰው ካስፈለገኝ፣ እርስዎ ራስዎ አሉ።" ከዚያ ወደ እሱ ተመለሰች። "ታውቅ ነበር! እንጨት እግርህ ላይ ለማሰር አላፈርክም። ሰው ፊት ለመውደቅ አላፈርክም። አንዲት ቃል ለመናገር ግን አፍህ ተሸበበ። ሥራህ የሰው አፍ ማስከፈት ነው፤ ያንተን የሚከፍትልህ ማን ይሁን?"

"ስሚኝማ…"

"አልሰማህም! ስንት ጊዜ ስሰማህ ኖርኩ? ልብሱን ይምረጡ፣ እሺ። ዶክተር በዪኝ፣ እሺ። ስምህን እንኳ በሰው ፊት ነጥቃችሁኝ እሺ አልኩ። እኔ የሰው ስሕተት ከጎን ሆኜ ሳስቆም ነው የምውለው፤ እንጀራዬ ነው። ቤቴ ገብቼ ደግሞ ያንተን ፍርሃት ስረግጥ አልኖርም። አባቴ የማይገቡበት ቤት እኔም አልገባም!"

ቀለበቷን አወለቀች። የግራጫውን በር እስከ ጥግ ከፈተችና ቀለበቱን አባቷ ሊቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ አኖረችው።

ውጭ ፀሐዩ ዐይን ይወጋል። ማስተማሪያዋ መኪና ጣሪያዋ ላይ "ለማጅ" የሚል ሳጥኗን ተሸክማ ጥግ ላይ ቆማለች። ፍሬን በሩን በርግዳ ገባች፣ ድርግም አድርጋ ዘጋችው። ልትሄድ ነው። ለዘላለም ልትሄድ ነው። እጇን ለመሪው ስትሰድ መሪ የለም።

ለካ ጋቢና ነው የገባችው።

ልማድ ክፉ ነው። ፍቅረኛዋን ጥላ ልትበር የተነሳች ሴት፣ የሚነዳት ሰው እንደምትጠብቅ ሁሉ ጋቢና ቁጭ ብላለች! ሳቋ መጣ፣ ዕንባዋም መጣ፤ የትኛው እንደቀደመ አላወቀችም። ወርዳ በዚያኛው በር ልትዞር ስትል የመሸጫው የመስታወት በር ተከፈተ። ዶክተሩ እየሮጠ ወጣ። እናቱ በሩ ላይ ደረሱበት።

"ከዚህ ንቅንቅ ብትል ልጄ አይደለህም!" አሉ።

እሱ ቆመ። ፍሬን በተከፈተው መስኮት የምታየው ጀርባውን ብቻ ነው። ትከሻው ወረደ። አለቀ፣ ተመለሰ አለች በልቧ። ቀኝ እግሯ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጦታል፤ መኪናዋ ግን ሞተሯ እንኳ አልተነሳም።

"እማዬ" አለ ዶክተሩ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ይሰማል። "ነጩን ግዢው። ጋቢናውም ያንቺ ነው፣ ማንም አይነካብሽም። ሾፌር ግን ፈልጊ።"

እናትየው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

"ግራጫውን እኔ እይዘዋለሁ፤ እንደ ምንም እየከፈልኩ። ጋቢናው የሚስቴ ነው፣ እሷ ካለችኝ። ከኋላ አባቷ አሉ። አሉ ነው የምልሽ፣ እማዬ፤ አንቺም አሉ ትያለሽ። ከጎናቸው ቦታ አለ፣ እናቴ ስለሆንሽ ያንቺ ነው። ስትፈልጊ ነይ፤ በሩ እስከ ጥግ ይከፈታል።"

ይህን ብሎ መጣና የሾፌሩን በር ከፍቶ ገባ። ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ወንበሩን ለማስተካከል እጁ አልታዘዝ አለው። ፍሬን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ይህን ውስጥ ብትለው ምን ነበረበት?"

"ፈራሁ።"

"አሁንስ?"

"አሁንም ፈርቻለሁ። እግሬን አታዪውም?"

አየችው። ፍሪሲዮኑ ላይ ያለው እግሩ ብቻውን ይዘላል። ትናንት እንጨት የታሰረበት እሱ ይሆን አለች በሆዷ፤ አልጠየቀችውም።

"ቀለበቱን አሁን አላደርገውም" አለች።

"አልሰጥሽም። ኪሴ ውስጥ ነው። እንደሚገባኝ ስታምኚ አንቺው ትጠይቂኛለሽ።"

"ከአሁን በኋላ በሰው ፊት ምን እንደምልህ ታውቃለህ?"

"አንተ።"

"አባቴ ጋ ውሰደኝ። የእንጨቱን ነገር ራስህ ንገራቸው። ነጩ ላይ መውደቅህንም ሳታስቀር።"

ቁልፉን ተቀብሎ ሞተሩን አስነሳ። መስታወቱ ላይ ሻጩም፣ ኃላፊውም፣ ጸሐፊዎቹም ተለጥፈው ያያሉ። እናትየው ከመኪናዋ ፊት ለፊት ቆመዋል። ዶክተሩ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተሩ ድርግም አለ።

ፍሬን ቀስ ብላ ዞረች። "ሆን ብለህ ነው?"

"አሁን የእውነቴን ነው" አለ፣ ላቡን እየጠረገ።

ሳቀች። ዕንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከልቧ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ደግሞ አስነሳው። እናትየው ሳይወዱ በግድ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አሉና መንገዱን ለቀቁ። መኪናዋ በአጠገባቸው ስትደርስ ዐይናቸው ልጃቸው ላይ አልነበረም፤ ጋቢናው ላይ ነበር። ፍሬን ዐይኗን አልሰበረችም። ጨካኝ ሆና አይደለም፤ የተቀመጠችበት ቦታ የማን እንደሆነ እንዲያዩት ብላ ነው።

"አንድ ነገር ልለምንሽ" አለ ዶክተሩ፣ አስፋልቱ ላይ እንደወጡ።

"ምን?"

"እግርሽን ከዚያ ፍሬን ላይ አንሺልኝ። ስሳሳት ልሳሳት፤ ግን እኔ ልንዳ።"

ስንቱን ለማጅ ስታስተምር አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። ጫማዋን አወለቀች። ሁለቱንም እግሮቿን አጥፋ ወንበሩ ላይ አወጣቻቸውና በእጆቿ አቀፈቻቸው።

ወደ አባቷ በረንዳ የሚወስደው መንገድ ገደል የመሰለ ቁልቁለት ነው። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ስትወርድ ዶክተሩ መሪውን ጨምድዶ ያዘ። ፍሬን አየች፣ ጉልበቶቿን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች።

እግሯን አላወረደችም።